ታይፑ 8899 የሆነው ብሮድካስት ከስዊቹ ለምን ይወጣል? እንዴትስ ይነበባል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ቢሮአችን ውስጥ ባለ 8 ፖርት ተራ ስዊች አለ፤ ሴቲንግ የሚባል ነገር የለውም፣ ሰክቶ መጠቀም ብቻ ነው። ኔትወርኩ በቀን አንድ ሁለቴ ለጥቂት ደቂቃ ድርቅ ስለሚል ዋየርሻርክ የሚባለውን የኔትወርክ ትራፊክ ማንበቢያ ከፍቼ ሳይ፣ በየ2 ሰከንዱ ገደማ ለሁሉም የሚላክ (ብሮድካስት) ባለ 60 ባይት ፓኬት አገኘሁ። አይፒ የለውም። የላኪው ማክ አድራሻም (የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥሩ) የማንኛችንም ኮምፒውተር አይደለም። ታይፑ 8899 ነው። ዋየርሻርክ ‹ሪልቴክ› ይለዋል፤ ሊኑክስ ላይ ቲሲፒደምፕ የሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም ደግሞ ‹አርአርሲፒ 23 ሪፕላይ› ይላል። ቫይረስ ነው? ሰው ከሩቅ ሆኖ ስዊቹን እያዘዘው ይሆን? እንዴት ላቁመው?»

ቫይረስ አይደለም፤ ስዊቹን የሚያዝም ሰው የለም። ስዊቹ ራሱ ሉፕ (ኬብሎች ክብ የሠሩበት መንገድ) መኖር አለመኖሩን ለማወቅ የሚልከው ፍሬም (የኢተርኔት ፓኬት) ነው። ኔትወርኩን የሚያደርቀውም እሱ አይደለም። እንዲያውም የሚያደርቀውን ነገር ለማግኘት ከዚህ ፍሬም የተሻለ ረዳት ስለማያገኙ፣ ለማቆም አይቸኩሉ። ይህን ሁሉ ግን በቃሌ ብቻ አይመኑ፤ ከባይቶቹ አንብበው ማረጋገጥ ይችላሉ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። «ስዊቹ ብሮድካስት ይልካል» ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። ስዊች የሌላ መሣሪያን ፍሬም ተቀብሎ ሲያሳልፍ የላኪውን ማክ አይነካም፤ እንዳለ ያስተላልፈዋል። ስለዚህ ፍሬሙ በስዊቹ በኩል መጣ ማለት ስዊቹ ሠራው ማለት አይደለም። የሠራውን የሚናገረው የላኪው ማክ ነው፣ ምን እንደሆነ የሚናገረው ደግሞ ታይፑ ነው። ሁለቱም በመጀመሪያዎቹ 14 ባይቶች ውስጥ አሉ፤ ዋየርሻርክ ከታች በሚያሳየው የሄክሳ (በአሥራ ስድስት ቤት የሚቆጠር) ሰሌዳ ላይ በቀጥታ ሊያነቧቸው ይችላሉ።

ከ1ኛው እስከ 6ኛው ባይት መድረሻው ነው። ስድስቱም «ኤፍኤፍ» ከሆኑ ብሮድካስት ነው። የመጀመሪያው ባይት ጎዶሎ ቁጥር ሆኖ፣ ለምሳሌ 01 ወይም 33፣ ስድስቱም ኤፍኤፍ ካልሆኑ መልቲካስት (ለተወሰነ ቡድን የሚላክ) ነው። የመጀመሪያው ባይት ተጋማሽ ቁጥር ከሆነ ለአንድ መሣሪያ ብቻ የተላከ ነው። የእርስዎ ያልሆነ እንዲህ ያለ ፍሬም በብዛት ወደ ፖርትዎ ከመጣ ጉዳዩ ብሮድካስት ሳይሆን ሌላ ነው፦ ስዊቹ ተቀባዩ በየትኛው ፖርት እንዳለ ስለረሳ በሁሉም ፖርት ይረጨዋል። ይህ በተለይ መሄጃውና መመለሻው መንገድ በሚለያይበት ኔትወርክ ይከሰታል። በሲስኮ መሣሪያዎች ዲፎልቱ ስዊቹ አንድን ማክ በ300 ሰከንድ ይረሳል፣ ራውተሩ ግን የኤአርፒ መዝገቡን (አይፒን ከማክ የሚያገናኘውን) 4 ሰዓት ይይዛል፤ ችግሩ የሚፈጠረው በዚህ ልዩነት መሃል ነው።

ከ7ኛው እስከ 12ኛው ባይት ላኪው ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 ባይቶች የአምራቹን ማንነት ይናገራሉ፤ 00-ኢ0-4ሲ ለምሳሌ የሪልቴክ ነው። የእርስዎ ፍሬም ላይ ስዊቹን የሸጠው ኩባንያ ስም ቢወጣም አይገረሙ፤ ብዙ ርካሽ ስዊቾች በውስጣቸው የሪልቴክ ቺፕ ነው ያላቸው፣ ፍሬሙን የሚሠራውም ቺፑ ነው። የመጀመሪያው ባይት ሁለተኛ አሃዝ 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ ግን አድራሻው ከፋብሪካ የተሰጠ ሳይሆን በሶፍትዌር የተፈጠረ ነው። 52-54-00 ብሎ የሚጀምር ካዩ የኪውኢኤምዩ ቨርችዋል ማሽን ነው፤ ስልኮችም ዋይፋይ ላይ እንዲህ ያለ የዘፈቀደ አድራሻ ይጠቀማሉ። እንዲህ ያለ ላኪ ካገኙ ስዊቹን ከመጠርጠርዎ በፊት እነዚህን ይፈትሹ።

13ኛውና 14ኛው ባይት ታይፑ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ቦታው ሁልጊዜ ታይፕ አለመሆኑን ስለማያስተውል ነው። ቁጥሩ በአሥር ቤት ሲቆጠር 1536 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ታይፕ ነው፤ 1500 እና ከዚያ በታች ከሆነ ርዝመት ነው። ስፓኒንግ ትሪ የሚባለው የስዊቾች ሉፕ መከላከያ ፍሬሞች የርዝመቱን መንገድ ስለሚከተሉ ታይፕ ሲፈልጉ አያገኙላቸውም። ቪላን (አንዱን ኔትወርክ ለብዙ መክፈያ) ካለ ደግሞ እዚህ ቦታ 8100 ይቀመጥና እውነተኛው ታይፕ 4 ባይት ወደ ኋላ ይሸሻል። የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር ይህን የቪላን ምልክት ቆርጦ ሊጥለው ስለሚችል፣ 8100 አለማየትዎ ቪላን የለም ማለት አይደለም።

60 ባይት መሆኑም ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም። ኢተርኔት ከ64 ባይት ያነሰ ፍሬም አይልክም፤ የመጨረሻዎቹ 4 ባይቶች የስህተት መፈተሻ ስለሆኑ ካርዱ ለዋየርሻርክ ሳያሳይ ያስቀራቸዋል፣ ስለዚህ 60 ይታያል። የእርስዎ ፍሬም ውስጥ ቁም ነገሩ ጥቂት ባይት ነው፤ የቀረው መሙያ ነው።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። 8899 የሪልቴክ ቁጥር ነው፤ በዚህ አንድ ቁጥር ሥር ግን የተለያዩ ፕሮቶኮሎች አሉ። የሚለያቸው 15ኛው ባይት ነው። 01 ከሆነ አርአርሲፒ ነው፣ ማለትም የስዊቹን ቺፕ ከሩቅ ለማዘዝ የተሠራው። 02 ኢኮ ነው። 03 ሉፕ መፈለጊያ ነው፤ 23ም የዚያው የሉፕ ፍለጋ ቤተሰብ ነው። የእርስዎ 23 ነው።

ያስደነገጠዎት የቲሲፒደምፕ አጻጻፍ ይመስለኛል። ፕሮግራሙ 8899ን ሲያይ መጀመሪያ «አርአርሲፒ» ብሎ ይጽፍና፣ 15ኛውን ባይት የማያውቀው ከሆነ ቁጥሩን እንዳለ ይደረድራል። ከዚያ የ16ኛውን ባይት ከፍተኛ ቢት ብቻ አይቶ 1 ከሆነ «ሪፕላይ»፣ 0 ከሆነ «ኴሪ» ይላል። ያ ቢት «መልስ ነው» የሚል ትርጉም ያለው በእውነተኛው አርአርሲፒ ውስጥ ነው። ስለዚህ «23 ሪፕላይ» የሚለው ጽሑፍ አንድ ሰው ጠይቆ ስዊቹ መለሰለት ማለት አይደለም።

ሊያስጨንቅ የሚገባው ምን ቢያዩ እንደሆነ ልናገር፦ 15ኛው ባይት 01 ሆኖ፣ የ16ኛው ባይት ዝቅተኞቹ 7 ቢቶች 2 ከሆኑ፣ ያ «ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ 1 ደግሞ «አንብብ»፣ 0 «ማን አለ?» ነው። ቀጥሎ ያሉት 17ኛውና 18ኛው ባይት የይለፍ ቁልፉ ናቸው፤ ዲፎልቱ 2379 ነው። 2 ባይት ቁልፍ፣ ያውም ሳይመሰጠር በብሮድካስት የሚሄድ፣ ጥበቃ ሊባል አይችልም። ስለዚህ 01 እና 2 አብረው ያሉበት ፍሬም ካገኙ ላኪውን ኮምፒውተር በዚያው ሰዓት ፈልገው ያግኙት።

ሉፕ ፍለጋው የሚሠራው በቀላል ዘዴ ነው። ስዊቹ የራሱን ማክ ላኪ አድርጎ ፍሬሙን በፖርቶቹ ሁሉ ያወጣል። የራሱ ፍሬም ወደ ራሱ ከተመለሰ የሆነ ቦታ መንገዱ ክብ ሠርቷል ማለት ነው፤ እንደየሥሪቱ መብራት ያርገበግባል፣ ይጮሃል፣ ወይም ፖርቱን ይዘጋል። ለምን በብሮድካስት? የስፓኒንግ ትሪ ፍሬም 01-80-ሲ2-00-00-00 ወደሚባል አድራሻ ነው የሚሄደው፤ ደንቡን የሚያከብር ስዊች ያን አድራሻ ተቀብሎ ያስቀረዋል እንጂ አያሳልፍም። ሪልቴክ ግን ፍሬሙ በሌሎች ስዊቾች ውስጥ አልፎ ዞሮ እንዲመጣ ይፈልጋል፣ ይህን ደግሞ ማንም ስዊች የሚያደርገው ለብሮድካስት ነው። በዚህ ምክንያት 3 ፎቅ በላይ ያለ ኮምፒውተር ላይም ይታያል።

ማረጋገጫው 10 ደቂቃ አይፈጅም። ሥራ ሲያልቅ ከስዊቹ ላይ ሁሉንም ኬብል ይንቀሉ፤ ኃይሉ ብቻ ይቅር። አንድ ላፕቶፕ በኬብል ይሰኩ፣ ዋይፋዩን ያጥፉ። ዊንዶውስ ከሆነ በኢተርኔት ካርዱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ የአይፒ ስሪት 4ንም 6ንም ምልክት ያንሱ፣ የፋይልና ፕሪንተር ሼሪንጉንም እንዲሁ። አሁን ላፕቶፑ ራሱ የሚናገረው ነገር በጣም ጥቂት ነው፤ ዋየርሻርክ ላይ ላኪው የላፕቶፑ ማክ ያልሆነ ሁሉ ከስዊቹ የመጣ ነው። የካፕቸሩን ድራይቨር፣ ኤንፒካፕን፣ ምልክት እንዳያነሱ ይጠንቀቁ፤ እሱ ከተነሳ ምንም አያዩም። 8899 በዚያው ልክ መምጣቱን ከቀጠለ ላኪው ተገኘ። ካልመጣ ደግሞ ፍሬሙ የሚመጣው ካላሰቡት ሌላ ስዊች ነው፤ ጠረጴዛ ሥር ተወሽቆ የተረሳ ባለ 5 ፖርት ስዊች መኖሩ የተለመደ ነው።

ያን የተረሳውን ለማግኘት፣ ከላይ ማኔጅ የሚደረግ (ገብተው ሴቲንጉን የሚያዩት) ስዊች ካለዎት ሥራው ቀላል ነው። ገብተው የማክ ሰንጠረዡን ይክፈቱና የላኪውን ማክ ይፈልጉ፤ በየትኛው ፖርት እንደገባ ይነግርዎታል። ያ ፖርት ወደ ሌላ ስዊች የሚሄድ ከሆነ እዚያ ገብተው ይድገሙት። ፍሬሙ በየጥቂት ሰከንዱ ስለሚመጣ ማኩ ከሰንጠረዡ አይጠፋም። ማኔጅ የሚደረግ ስዊች ከሌለ ደግሞ ዋየርሻርክ ላይ የታይፑን መስመር በቀኝ ጠቅ አድርገው «አፕላይ አዝ ፊልተር» ከዚያም «ሰሌክትድ» ይበሉ፤ 8899 ብቻ ይቀራል። ከዋናው ስዊች አንድ ኬብል ይንቀሉና 10 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ፍሬሙ ካልቆመ መልሰው ይሰኩ፣ ወደሚቀጥለው ይለፉ። የቆመበት ኬብል ጫፍ ላይ ያገኙታል። ብሮድካስት በሁሉም ፖርት ስለሚመጣ ለዚህ ሥራ ሚረር ፖርት (የሌላ ፖርትን ትራፊክ የሚገለብጥ) አያስፈልግም።

በዚህ አጋጣሚ 8899 ባይሆን ኖሮስ? ከስዊችና ከራውተር የሚመጡ ሌሎች የተለመዱ ፍሬሞች አሉ። 88ሲሲ ኤልኤልዲፒ ነው፣ መሣሪያው ለጎረቤቱ ራሱን የሚያስተዋውቅበት፤ ብዙውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ ይመጣል፣ መልቲካስት ነው። 9000 ሆኖ ላኪውና መድረሻው አንድ ዓይነት ማክ ከሆነ የሲስኮ ስዊች ፖርቱን የሚፈትሽበት ነው፤ በየ10 ሰከንዱ። 9003 የማይክሮቲክ ሉፕ መከላከያ ነው፤ የዚያው ኩባንያ መሣሪያዎች ዩዲፒ 5678 ላይ ለጎረቤቶቻቸው ራሳቸውን በብሮድካስት ያስተዋውቃሉ። ማኔጅ የሚደረግ አዲስ ስዊች አይፒ ሳይሰጠው ከተሰካ ዩዲፒ 67 ላይ የዲኤችሲፒ ጥያቄ (አይፒ ስጡኝ የሚል) ደጋግሞ ይጮሃል፤ ቋሚ አይፒ ሲሰጡት ዝም ይላል።

0806፣ ኤአርፒ፣ ግን ረጋ ብለው ሊያነቡት ይገባል። ከ29ኛው እስከ 32ኛው ባይት የጠያቂው አይፒ ነው፣ ከ39ኛው እስከ 42ኛው የሚፈለገው። ጠያቂው አንድ ሆኖ የሚፈለገው 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ በተራ የሚያድግ ከሆነ ኔትወርኩን እየቃኘ ያለ ነገር አለ፤ የፕሪንተር ፍለጋ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል፣ ተንኮለኛ ፕሮግራምም ሊሆን ይችላል፣ ላኪው ኮምፒውተር ላይ ሄዶ ማየት ግድ ነው። የሚፈለገው ሁልጊዜ አንድ አይፒ ከሆነ ደግሞ ከኔትወርኩ የወጣ ሰርቨር ወይም ፕሪንተር እየተፈለገ ነው።

ስለ ጭነቱ እንነጋገር፣ ምክንያቱም «ብሮድካስት ስለሆነ ኔትወርኩን ይገድላል» የሚል ፍርሃት በስፋት አለ። አንዱ ፍሬም ከነመፈተሻው 64 ባይት ነው፤ ከፊቱ የሚቀድመው 8 ባይትና በፍሬሞች መካከል የሚተወው 12 ባይት ሲደመር 84 ባይት፣ ማለትም 672 ቢት። በ2 ሰከንድ አንድ ከሆነ በሰከንድ 336 ቢት ነው፤ ከ100 ሜጋቢት መስመር መቶ ሺኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ዋይፋይ ላይ ትንሽ ይከብዳል፤ አክሰስ ፖይንቱ ብሮድካስትን የሚያወጣው በዝቅተኛው ፍጥነት ነውና። ሆኖም ይህ በጣት የሚቆጠር ስዊች ባለበት ቢሮ የሚሰማ አይደለም።

ሉፕ ሲፈጠር ግን ቁጥሩ ሌላ ነው። የ100 ሜጋቢት መስመር እንዲህ ያለ ትንሽ ፍሬም በሰከንድ እስከ 148,809 ድረስ ይሸከማል፤ የአንድ ጊጋቢቱ አሥር እጥፍ። የኢተርኔት ፍሬም እንደ አይፒ ዕድሜውን የሚቆጥር ቦታ የለውም፤ አንዴ ክብ ውስጥ ከገባ መንገዱ እስኪቆረጥ ይዞራል፣ መስመሩም እስኪሞላ ይባዛል። የእርስዎ ኔትወርክ ድርቅ የሚለው በዚህ ከሆነ፣ 8899 ራሱ ይመሰክራል።

እንዲህ ያድርጉ። ዋየርሻርክን ቀኑን ሙሉ ክፍት ለመተው «ካፕቸር» ከዚያ «ኦፕሽንስ» ገብተው «አውትፑት» በሚለው ገጽ ላይ ፋይሉ በየ100 ሜጋባይቱ እንዲቀየር፣ ሪንግ በፈሩም (አሮጌውን ፋይል እየደመሰሰ የሚጽፈው) 10 ፋይል እንዲሆን ያዙት፤ ዲስክዎ ከ1 ጊጋባይት በላይ አይያዝም። ሉፑ የሚፈጥረው የፍሬም ማዕበል ከባድ ከሆነ ግን 10ሩም ፋይል በደቂቃዎች ተሞልቶ የጅማሬው ይጠፋልና፣ ኔትወርኩ እንደደረቀ ካፕቸሩን ቶሎ ያቁሙ። ከዚያ 8899ን ያጣሩና «ቪው» ውስጥ «ታይም ዲስፕሌይ ፎርማት» ገብተው ሰዓቱን ከቀደመው ከሚታየው ፓኬት ጀምሮ እንዲቆጥር ያድርጉ።

በደረቀበት ሰዓት የፍሬሞቹ ልዩነት ያው 2 ሰከንድ ገደማ ከሆነ የኢተርኔት ሉፕ የለም፤ ጊዜዎን እዚያ ላይ አያጥፉ። ወደ ኢንተርኔት መስመሩ፣ ወደ ዲኤንኤስ፣ ወይም ሳይፈቀድለት አይፒ ወደሚያድል ሁለተኛ ራውተር ይሂዱ። የመጨረሻውን ለማወቅ የዲኤችሲፒ ኦፈሮችን (አይፒ እሰጣለሁ የሚሉ መልሶችን) ያጣሩ፤ ኦፕሽን 54 ላይ ሁለት የተለያዩ የሰርቨር አይፒዎች ካሉ ተገኘ ማለት ነው። ኦፈር አንዳንዴ ለጠያቂው ብቻ ስለሚላክ፣ ፍተሻውን ካፕቸሩ ያለበት ኮምፒውተር ራሱ አይፒውን ለቆ እንደገና እንዲጠይቅ በማድረግ ይሥሩት።

ልዩነቱ ወደ ሚሊሰከንድና ከዚያ በታች ወርዶ፣ አንድ ላኪ በሺዎች ከታየ ሉፕ ነው። ሌላ ማረጋገጫ ከፈለጉ ከማዕበሉ ውስጥ አንድ የአይፒ ስሪት 4 ፓኬት ይምረጡ። 19ኛውና 20ኛው ባይት መለያ ቁጥሩ ነው፣ 23ኛው ቲቲኤል፣ ማለትም በየራውተሩ የሚቀንሰው የፓኬቱ ዕድሜ። ሁለቱም ሳይለወጡ ያው ፓኬት በሺዎች ከተደጋገመ የኢተርኔት ሉፕ ነው። መለያው ያው ሆኖ ቲቲኤሉ አንድ አንድ እያለ ከቀነሰ በራውተሮች መካከል የሚዞር ፓኬት ነው፤ ስዊቹን ይተዉት። መለያው በየፓኬቱ ከተለወጠ ደግሞ አንድ ማሽን በእውነት እያመረተው ነው፤ የላኪውን ማክ ይከተሉ። አንዳንድ ሲስተም መለያውን ሁልጊዜ 0 ስለሚያደርግ፣ ያኔ የውስጡን ይዘት ያነጻጽሩ።

ሉፕ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ በቀን አንድ ሁለቴ መጥቶ መሄዱ ጥሩ ፍንጭ ነው፦ አንድ ሰው የሚሰካውና የሚነቅለው ነገር አለ። ሁለት ፖርት ያለው የአይፒ ስልክ ሁለቱም ኬብሉ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ እንደሆነ ይዩ፤ በስብሰባ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ኬብል ሌላኛውን ጫፍ ይከተሉ፤ ላፕቶፕ ላይ ኢተርኔቱና ዋይፋዩ ብሪጅ ተደርገው እንደሆነም ይፈትሹ። በደረቀበት ሰዓት የሚያገናኙ ኬብሎችን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ መብራቶቹ ሁሉ እኩል መርገብገባቸውን የሚያቆሙበት ኬብል ሉፑ ያለበት ነው።

አሁንም ፍሬሙን ማቆም ከፈለጉ፦ አንዳንድ ስዊች ጎኑ ላይ የሉፕ ፍለጋ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ በድረ ገጽ የሚከፈቱት ደግሞ «ሉፕ ፕሪቬንሽን» የሚል ምርጫ አላቸው። የእርስዎ ሴቲንግ ስለሌለው ያለው መንገድ ከላይ ባለው ማኔጅ በሚደረግ ስዊች መግቢያ ፖርት ላይ 8899ን የሚከለክል የማክ አክሰስ ሊስት (የፍቀድና ከልክል ዝርዝር) ማስቀመጥ ነው። ከክልከላው መስመር በታች «ሌላውን ሁሉ ፍቀድ» የሚለውን መስመር መጻፍ ግዴታ ነው፤ ዝርዝሩ በስውር የሚያበቃው በክልከላ ስለሆነ ኤአርፒን ሊቆርጥና ፖርቱ ላይ ያሉትን ሁሉ ከኔትወርኩ ሊያወጣቸው ይችላል። ይህን ሲያደርጉ ያ ስዊች በሌሎች ስዊቾች በኩል ዞሮ የሚመጣ ሉፕ ማየት ያቆማልና፣ አስቀድመው ከላይ ባሉት ስዊቾች ላይ ስፓኒንግ ትሪ መብራቱን፣ ወደ ተራ ስዊቾች በሚወርዱት ፖርቶች ላይም ስቶርም ኮንትሮል (የብሮድካስት ብዛት መገደቢያው) መብራቱን ያረጋግጡ።